የኩራሳዎ ግንበኞችና የሆላንድ መዝገቦች

በካሪቢያን ባሕር ከቬኔዙዌላ ጠረፍ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኩራሳዎ 444 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት፣ ዝናብ የሚያጥራት፣ ቁልቋልና እሾሃማ ዛፍ የሚበዛባት ደሴት ስትሆን፣ ከ1634 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዕጣዋ በአብዛኛው የተወሰነው ከ7,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቁት በአምስተርዳምና በሄግ ከተሞች ነው። ምሽጓ እንዲታነጽ ያዘዘው ድርጅት መቀመጫውን አምስተርዳም ያደረገ ሲሆን፣ ከሦስት መቶ ዓመታት ገደማ በኋላ የነዳጅ ማጣሪያዋን የተከለው ኩባንያ ደግሞ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ሄግ ነበር። በእነዚህ ሁለት ታላላቅ ግንባታዎች መካከል ባለው ረጅም ዘመን፣ ድንጋይ የፈለጡት፣ ኖራ ያቃጠሉት፣ ብረት የገጣጠሙትና ቧንቧ የዘረጉት ሰዎች ኑሮ የሚለካው በእጃቸው ሙያ ሳይሆን ስማቸው በማን መዝገብ ላይ እንደሰፈረ በማየት ነበር። የደሴቲቱን የግንባታ ታሪክ ከሕንፃዎቿ ውበት አንጻር ብቻ የሚተርኩ ጽሑፎች ብዙ በመሆናቸው፣ ይህን ሁለተኛውን ገጽ በስፋት ማየት ተገቢ ነው።

በ1621 የተቋቋመው የምዕራብ ሕንድ ኩባንያ፣ በዚያ ዘመን አነጋገር «ምዕራብ ሕንድ» ይባሉ በነበሩት የአሜሪካ አህጉርና የካሪቢያን ደሴቶች የመነገድ፣ የመዋጋትና የማስተዳደር መብት ከኔዘርላንድ መንግሥት የተሰጠው የአክሲዮን ማኅበር ሲሆን፣ የበላይ አመራሩም «አሥራ ዘጠኙ ጌቶች» በሚባል ጉባኤ እጅ ነበር። በአምስተርዳም በሃርለመርስትራት ጎዳና የሚገኘውና ኩባንያው ከ1623 ጀምሮ የተገለገለበት ሕንፃ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ኩባንያው ኩራሳዎን የፈለጋት ለእርሻ አልነበረም፤ መሬቷ ለሸንኮራም ሆነ ለትንባሆ አይመችም። የፈለገው የቅድስት አና ወሽመጥ የተባለውን ጠባብና ጥልቅ መግቢያ፣ ከዚያም በስተጀርባ ስኮተጋት የሚባለውን ከማዕበል የተጠበቀ ሰፊ ወደብ ነው። በ1634 ዮሐን ቫን ዋልቤክ የመራው የመርከብ ጦር ደሴቲቱን ከስፔናውያን ነጥቆ ስፔናውያኑንና አብዛኞቹን የአገሬው ተወላጅ ካኬቲዮዎች ወደ ቬኔዙዌላ ካጋዘ በኋላ፣ በ1635 እና በ1636 በወሽመጡ አፍ ላይ ፎርት አምስተርዳም የተባለው ምሽግ ተሠራ። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩትም በዚያው በ1636 ነው።

በምሽጉ ግንባታ ላይ በመጀመሪያ የተሰማሩት የኩባንያው ወታደሮች ራሳቸው ነበሩ። ወታደሩ በአምስተርዳም ሲቀጠር የፈረመው ነፍጥ ለመሸከም ቢሆንም፣ ደሴቲቱ ላይ ሲደርስ የተሰጠው አካፋና ዶማ ነው። የሥራው ባሕርይ በአየሩ ጠባይ የተወሰነ ነበር። ኩራሳዎ ላይ ከምሥራቅ የሚነፍሰው የንግድ ነፋስ፣ ማለትም መርከቦች በሸራ ይጓዙበት የነበረው አቅጣጫውን እምብዛም የማይለውጥ ነፋስ፣ ዓመቱን ሙሉ ስለማያቋርጥ ሙቀቱን ያለዝበዋል፤ ነገር ግን አቧራና የባሕር ጨው እየያዘ ስለሚመጣ ዓይንና ጉሮሮ ያደርቃል። የዓመቱ ዝናብ ከ600 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን፣ አብዛኛውም የሚወርደው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። በዚህ ምክንያት ግንብ ከመቆሙ በፊት የውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ መቆፈርና የጣሪያ ውሃ ወደዚያ የሚወስድ አሸንዳ ማበጀት ግድ ነበር። ኖራ ለማቡካትም፣ ሠራተኛ ለማጠጣትም የሚቀዳው ከዚሁ ጉድጓድ በመሆኑ፣ በደረቁ ወራት ውሃ ራሱ የሥራውን ፍጥነት ይወስን ነበር።

የቪለምስታድ ከተማ፣ ማለትም በምሽጉ ዙሪያ ያደገችው የደሴቲቱ መዲና፣ የተገነባችው ከሦስት ዋና ዋና ነገሮች ነው። የመጀመሪያው የኮራል ድንጋይ ነው፤ ይህም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ለሺህ ዓመታት የገነቡት፣ ምጽዋን ያየ ሰው በአሮጌዎቹ ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚያውቀው፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ነው። ሁለተኛው ከዚያው ከኮራል ተቃጥሎ የሚገኘው ኖራ ሲሆን፣ የሚዘጋጀውም ድንጋዩን በማገዶ ላይ ደርድሮና ከምሮ ለቀናት በማንደድ፣ ከዚያም የተቃጠለውን ድንጋይ በውሃ በማብረድ ነው። ውሃ ሲነካው እየፈላና እየተሰነጠቀ ወደ ነጭ ዱቄት የሚለወጠው ኖራ ቆዳ ያቆስላል፤ የሚያቃጥሉት፣ የሚያበርዱትና የሚያቦኩት ሰዎች ሥራውን የሠሩት ዛሬ የሚታወቁት ጓንትና መነጽር ሳይኖሩ ነው። ሦስተኛው ከሆላንድ የመጣው ቢጫ ጡብ ነው። ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጠው ይህ ትንሽ ጡብ፣ ጭነት ሳይኖራቸው ከኔዘርላንድ የሚነሡ መርከቦች በማዕበል እንዳይገለበጡ ከሥር ማመጣጠኛ ክብደት ሆኖ ይጫን ነበር። ደሴቲቱ ላይ ሲደርስ ይራገፍና ለመስኮትና ለበር ክፈፍ፣ ለማዕዘንና ለደረጃ ይውላል፤ በምትኩ መርከቡ ጨው፣ ቆዳና የቀለም እንጨት ጭኖ ይመለሳል።

ለልስን የሚሆነው አሸዋ ከባሕር ዳር የተወሰደ በመሆኑ ጨው አለበት። ጨዉ በግድግዳው ውስጥ እርጥበት እየሳበ ልስኑን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ የቪለምስታድ ነዋሪዎች «የግድግዳ ነቀርሳ» የሚሉት ይህ በሽታ ዛሬም ቅርሶቹን የሚጠግኑ ባለሙያዎች ዋና ራስ ምታት ነው። ስለዚህ በደሴቲቱ ላይ ግንባታ ተፈጽሞ የሚያልቅ ሥራ አልነበረም፤ ቤት ያለው ሰው ሁሉ በየጥቂት ዓመቱ ልስን የሚያድስ እጅ ያስፈልገው ነበር። ግድግዳዎቹ በኖራ ነጭ ሆነው ፀሐይን እያንጸባረቁ ዓይን ያሳምሙ ስለነበር፣ በ1817 ገዥው አልበርት ኪከርት ቤቶች ሁሉ ከነጭ ሌላ ቀለም እንዲቀቡ ማዘዙ ይነገራል። ዛሬ በፖስታ ካርድ ላይ የሚታየው የቪለምስታድ ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ መልክ የመጣው ከዚህ ነው።

የዚህ ሁሉ ሥራ ትልቁ ድርሻ የወደቀው ግን ደመወዝ በማይከፈላቸው ሰዎች ላይ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የምዕራብ ሕንድ ኩባንያ ኩራሳዎን ከአፍሪካ የሚጋዙ ሰዎች ለስፔን ቅኝ ግዛቶች የሚሸጡባት መናኸሪያ አደረጋት። አብዛኞቹ ወደ ሌላ አገር ተወስደዋል፤ ደሴቲቱ ላይ ከቀሩት መካከል ደግሞ ግንበኞች፣ አናጺዎችና አንጥረኞች ነበሩ። የከተማው ባርያ አሳዳሪ ባለሙያውን ለሌላ ሰው በቀን እያከራየ ኪራዩን ራሱ ይቀበል ነበር። በዚህም ሥርዓት ጠዋት ተነሥቶ ወደ ሥራ ቦታ የሚሄድ፣ መለኪያ ቱንቢና ማንኪያ በእጁ የያዘ፣ ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ግንበኛ ከነፃው ግንበኛ ጎን ቆሞ አንዱን ግድግዳ አብሮት ሲሠራ ይውላል፤ ማታ ገንዘቡን የሚቆጥረው ግን ሌላ ነው። በነሐሴ 1795 በክኒፕ እርሻ የነበሩ ባርያዎች በቱላ መሪነት ሥራ አንሠራም ብለው ሲነሡ፣ ያቀረቡት አቤቱታ የእሑድ ሥራንና የአንዱ ጥፋት በሁሉ ላይ የሚያስከትለውን ቅጣት የሚመለከት ነበር፤ ከዚያም ነፃነታቸውን ጠየቁ። ቱላ በጥቅምት 3 ቀን 1795 በአሰቃቂ ሁኔታ ተገደለ። ባርነት በኔዘርላንድ ቅኝ ግዛቶች በሕግ የተሻረው ከዚያ 68 ዓመት ቆይቶ በሐምሌ 1 ቀን 1863 ሲሆን፣ በኩራሳዎ ለእያንዳንዱ ነፃ ለወጣ ሰው 200 ጊልደር ካሣ የተከፈለው ለአሳዳሪው እንጂ ለሠራው ሰው አይደለም።

ነፃ የወጡት ሰዎች መሬት ስላልነበራቸው ብዙዎቹ በቀድሞ ጌቶቻቸው እርሻ ላይ ጎጆ ቀልሰው፣ ለመኖሪያው ምትክ በዓመት የተወሰኑ ቀናት በነፃ ለማገልገል ተገደዱ፤ ይህም በደሴቲቱ ቋንቋ በፓፒያሜንቱ «ፓጋ ቴራ»፣ የመሬት ክፍያ፣ ይባል ነበር። ለራሳቸው የሠሩት ቤት ከእንጨት ርብራብ በጭቃ ተመርጎ ጣሪያው በማሽላ አገዳ የተከደነ ሲሆን፣ ማገርና ጭቃ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም። ከማሽላና ከበቆሎ ዱቄት የሚገነፋው «ፉንቺ»ም የዘወትር ምግባቸው ነበር። በከተማው የኮራል ግንብ ያቆሙት እጆች ለራሳቸው ያቆሙት ይህን ነው። ድርቅ ሲበረታ ወንዶቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ሱሪናም የባቡር ሐዲድ ሥራና ወደ ኩባ የሸንኮራ ማሳ ይሰደዱ ነበር።

ይህን ሁኔታ የለወጠው ነዳጅ ነው። በ1914 በቬኔዙዌላ በማራካይቦ ሐይቅ አካባቢ ብዙ ነዳጅ መገኘቱ ሲረጋገጥ፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በሄግ የነበረውና ከ1907 ጀምሮ ከእንግሊዙ ሼል ጋር የተጣመረው ሮያል ደች ማጣሪያውን የሚተክልበት ቦታ ይፈልግ ነበር። የሐይቁ አፍ በደለል የተሞላና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ትላልቅ መርከቦች መግባት አይችሉም፤ ድፍድፉ በትናንሽ መርከቦች ወጥቶ በአቅራቢያው ባለ ጥልቅ ወደብ ቢጣራ ይመረጥ ነበር። በ1634 የአምስተርዳምን ነጋዴዎች የሳበው የስኮተጋት ወደብ በ1915 ደግሞ የሄግን መሐንዲሶች ሳበ። በወደቡ ዳር አሲየንቶ የተባለው የቀድሞ እርሻ ተገዝቶ ግንባታው ተጀመረ፤ ማጣሪያውም በ1918 ሥራ ጀመረ።

የዚያን ጊዜው ግንባታ ከኖራና ከድንጋይ ፈጽሞ የተለየ ሙያ ጠየቀ። የነዳጅ ታንከር፣ ማለትም ግዙፉ የብረት ማጠራቀሚያ፣ የሚሠራው የታጠፉ የብረት ሳህኖችን በሪቬት፣ ጭንቅላት ባለው ወፍራም የብረት ችንካር፣ በማያያዝ ነበር። አንድ ሠራተኛ ችንካሩን በከሰል ምድጃ ውስጥ እስኪቀላ ያግለዋል፤ ሌላው በጉጠት ይዞ በቀዳዳው ውስጥ ይሰካዋል፤ ሦስተኛው ከውስጥ በከባድ ብረት ደግፎ ሲይዘው አራተኛው ከውጭ በመዶሻ እየደበደበ ጫፉን ይጨፈልቀዋል። ችንካሩ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ሁለቱን ሳህኖች አጥብቆ ይይዛል። በታንከሩ ውስጥ ደግፎ የሚይዘው ሰው በሐሩር ፀሐይ የጋለ ብረት ከብቦት፣ የመዶሻው ድምፅ እንደ ደወል እያስተጋባበት የሚውል በመሆኑ፣ የብረት ሥራ ጆሮ ያደነቁራል የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ደሴቲቱ በቂ ሰው አልነበራትም። ኩባንያው ከቬኔዙዌላ፣ ከሱሪናም፣ ከእንግሊዝ የካሪቢያን ደሴቶችና ከፖርቱጋል፣ በተለይም ከማዴይራ፣ በውል ያስመጣቸው ሠራተኞች በሺዎች ይቆጠሩ ነበር።

ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለውን ኑሮ የሚወስነው ደግሞ የትውልድ አገርና የሥራ ደረጃ ነበር። ከኔዘርላንድ የመጡት መሐንዲሶችና የቢሮ ሰዎች ኩባንያው በሠራላቸው በኤማስታድና በዩሊያናዶርፕ ሰፈሮች፣ አትክልት በከበባቸው ቤቶች ይኖሩ ነበር። ላጤ የውል ሠራተኞች እንደ ሱፊሳንት ባሉ ካምፖች በረድፍ በተሠሩ ቤቶች ታጭቀው ያድሩ ነበር። የማጣሪያውን ጢስ ነፋሱ ይዞ የሚሄደው ወደ ምዕራብ በመሆኑ፣ ማርቼናና ዊሺ የተባሉት የድሆች ሰፈሮች ከሥሩ ወደቁ። በካምፖቹ የነበረው ቅሬታ አልፎ አልፎ ገንፍሏል። በሰኔ 1929 ራፋኤል ሲሞን ኡርቢና የተባለ የቬኔዙዌላ ስደተኛ በደሴቲቱ የሚሠሩ ወገኖቹን አስከትሎ ራሱን ፎርት አምስተርዳምን በመያዝ ገዥውን በመርከብ ወሰደው። በሚያዝያ 1942 ደግሞ፣ ለማጣሪያው ድፍድፍ በሚያመላልሱ መርከቦች ላይ የሚሠሩ ቻይናውያን የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በሚያደርሱት ጥቃት ምክንያት ያለ ተጨማሪ ጥበቃና ክፍያ አንወጣም ብለው ሲያድሙ ፖሊስ በሱፊሳንት ካምፕ 15ቱን ገደለ። ለሕብረቱ ጦር ነዳጅ በማቅረቡ በኩራት የሚጠቀሰው የደሴቲቱ የጦርነት ታሪክ እነዚህን 15 ሰዎች ለረጅም ጊዜ ሳያነሣቸው ቆይቷል፤ ይህም ሊታረም የሚገባው ዝምታ ነው።

ኩባንያው ለደሴቲቱ ብዙ ማምጣቱ አይካድም። በ1915 ገደማ ከ35,000 የማይበልጠው የኩራሳዎ ሕዝብ በ1950ዎቹ ከ100,000 በልጦ ነበር፤ መንገድ፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ተስፋፋ፤ ከ1928 ጀምሮም የባሕር ውሃ እየተጣራ ለከተማው መቅረብ በመጀመሩ የዝናብ ጉድጓድ ዘመን ቀስ በቀስ አለፈ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ማጣሪያው ከ12,000 በላይ ሠራተኞች ነበሩት። ከዚያ በኋላ ግን ሥራው በመሣሪያ እየተተካ ሄዶ በ1960ዎቹ አጋማሽ ቁጥሩ 4,000 ገደማ ደረሰ። ቅነሳው በመሣሪያ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ኩባንያው የግንባታና የጥገና ሥራውን ለንኡስ ተቋራጮች፣ ማለትም ሥራውን ከዋናው ባለቤት በውል ተቀብለው በራሳቸው ሠራተኞች ለሚያሠሩ ድርጅቶች፣ ማስተላለፍ ጀመረ። ትናንት የሼል ሠራተኛ የነበረ ብረት በያጅ ዛሬ በዚያው በር ገብቶ፣ በዚያው ቧንቧ ላይ፣ ምናልባትም በዚያው ካቦ ሥር ይሠራል፤ ሆኖም ስሙ በተቋራጩ መዝገብ ላይ ስለሰፈረ ደመወዙ ያነሰ ነው፤ ዋስትናውም ሥራው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

ከእነዚህ ተቋራጮች ዋናው ወርክስፖር ካሪቢያን፣ በአጭር ስሙ ዌስካር ሲሆን፣ ከአምስተርዳሙ ወርክስፖር የሚመነጭ ነበር። የወርክስፖር ፋብሪካ በአምስተርዳም የቆመው በኦስተንቡርግ ደሴት ላይ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሌላው የሆላንድ ንግድ ድርጅት፣ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ፣ መርከቦቹን በሠራበት ሥፍራ ነው። በዚያው የከተማ ጥግ የአንዱ ኩባንያ መዝገብ ተዘግቶ የሌላው መከፈቱ የዚህን ታሪክ ቀጣይነት ያሳያል። በግንቦት 1969 የዌስካር ሠራተኞች ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ ተመሳሳይ ሥራ ለሚሠራ ሰው፣ ከየትም አገር ይምጣ በየትኛውም ድርጅት ይቀጠር፣ ተመሳሳይ ደመወዝ ይከፈለው የሚል ነው። በወሩ መጀመሪያ የተደረገው አድማ በሽምግልና ቢቆምም ድርድሩ ፍሬ ስላላፈራ በወሩ መጨረሻ አድማው እንደገና ተነሣ፤ የማጣሪያው ሠራተኞችና ሌሎች ማኅበራትም ተቀላቀሉ።

ግንቦት 30 ቀን 1969 ከማጣሪያው አካባቢ የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መንግሥት ወደሚቀመጥበት ወደ ፎርት አምስተርዳም አቅጣጫ በእግር ተጓዙ። በመንገድ ላይ ከፖሊስ ጋር በተፈጠረው ግጭት የወደብ ሠራተኞች ማኅበር መሪ ዊልሰን ጎዴት፣ በተለምዶ ስሙ «ፓፓ» ጎዴት፣ በጥይት ቆሰለ። ከዚያ በኋላ ሰልፉን ማንም ሊያረግበው አልቻለም፤ ፑንዳና ኦትሮባንዳ የተባሉት የከተማው ሁለት ክፍሎች በእሳት ተያያዙ። ሁለት ሰዎች ሞቱ፣ ከ300 በላይ ታሰሩ፤ ከኔዘርላንድም ተጨማሪ የባሕር ኃይል ወታደሮች በአውሮፕላን ተላኩ። የተቃጠሉት የፑንዳ ሱቆች ከፊሎቹ በቀደሙት ዘመናት በኮራልና በቢጫ ጡብ የታነጹ ቤቶች ነበሩ፤ ያንን ቅርስ ማጣት ያሳዝናል፤ ነገር ግን የእሳቱን ምክንያት ትቶ ስለ ሕንፃዎቹ ብቻ ማዘን ሚዛናዊ ታሪክ አያሰኝም።

የሠራተኞቹ ጥያቄ ግርግሩ ሳይበርድ ተመለሰ። በስምምነቱ መሠረት የዌስካር ሠራተኞች በቀጥታ በሼል ቢቀጠሩ ኖሮ የሚያገኙትን ደመወዝ፣ የትውልድ አገራቸው ሳይለይ፣ እንዲያገኙ ተወሰነ። መንግሥቱ ፈርሶ በመስከረም 1969 በተደረገው ምርጫ ጎዴትና ጓደኞቹ ባቋቋሙት «ፍሬንቴ ኦብሬሮ»፣ የሠራተኛ ግንባር፣ በተባለ ፓርቲ ስም ሦስት የምክር ቤት መቀመጫ አገኙ፤ በቀጣዩ ዓመትም ቤን ሌይቶ ኩራሳዎን ያጠቃልል የነበረው የደሴቶች ግዛት፣ የኔዘርላንድ አንቲልስ፣ የመጀመሪያው ጥቁር ገዥ ሆኖ ተሾመ። ሄግም የካሪቢያን ግዛቶቿን ጉዳይ በአዲስ ዓይን ለማየት ተገደደች። ከ335 ዓመታት በኋላ፣ በደሴቲቱ ላይ የሚሠራ እጅ ዋጋ ከተጻፈበት መዝገብ ተለይቶ በሥራው እንዲተመን በይፋ የታወቀው በዚያ የግንቦት ግርግር ወቅት ነው፤ በኩራሳዎ የግንባታ ታሪክ ውስጥ ከየትኛውም ሕንፃ ምረቃ ይልቅ ትልቁ ክስተት ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1985 ሼል ማጣሪያውን ለስም ያህል ብቻ በአንድ ጊልደር ዋጋ ለደሴቲቱ መንግሥት አስተላልፎ ሲወጣ፣ ለቀሪው ብክለት ተጠያቂ እንደማይሆን በውሉ ተረጋግጦለት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተጣለው ዝቃጭ በቡስካባይ ያጠራቀመው የአስፋልት ሐይቅም ለደሴቲቱ ተረፈ። ማጣሪያው ለቬኔዙዌላ መንግሥታዊ የነዳጅ ኩባንያ ተከራይቶ እስከ 2019 ቆየ። የቪለምስታድ ጥንታዊ ክፍል በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። የኔዘርላንድ መንግሥት ስለ ባርነት በታኅሣሥ 2022 በይፋ ይቅርታ የጠየቀው ከአምስተርዳምና ከሮተርዳም ከተሞች አስተዳደሮች በኋላ ነው። የሥራ ዕድል በጠበበባቸው ዓመታት ከደሴቲቱ የተሰደዱት የእነዚያ ግንበኞችና የብረት ሠራተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች ወደ ኔዘርላንድ አቅንተዋል፤ ዛሬ ከአገሪቱ ከተሞች ሁሉ የኩራሳዎና የአካባቢዋ ደሴቶች ተወላጆች በብዛት የሚኖሩት በሮተርዳም ነው።